ብስክሌትን በአውቶቡስ ግንባር ስለ መጫን

የመንገድ ጥቅሙ መንገደኛውን ካሰበበት ማድረሱ ነው። መንገዱ ምንም ያማረና የሰፋ ቢሆን፥ መንገደኛውን ከግማሽ አድርሶ የሚተወው ከሆነ ሥራውን ፈጸመ ለማለት አይቻልም። አውቶቡስና ብስክሌት ሁለቱም ለከተማ ሕዝብ እጅግ የሚጠቅሙ መጓጓዣዎች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚጐድላቸው ነገር አለ። አውቶቡስ ብዙ ሰው ተሸክሞ ሩቅ ይሄዳል፥ ዳገትም አያሸንፈውም፤ ሆኖም ከዋናው ጐዳና ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ሰው ደጅ አይደርስም። ብስክሌት ደግሞ ከደጅ ተነሥቶ ደጅ ያደርሳል፥ ነዳጅ አይጠይቅም፥ ተራም አያስጠብቅም፤ ሆኖም መንገዱ ሲረዝምና ዳገቱ ሲበዛ የነጂውን ጕልበት ይጨርሳል። እንግዲህ የአንዱ ጕድለት በሌላው ሙላት የሚሸፈን ከሆነ፥ ሁለቱን ማገናኘት የብልኅ ሥራ ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነውም ሁለቱን ስለሚያገናኝ አንድ ትንሽ የብረት ዕቃ ነው፤ ይኸውም በአውቶቡስ ግንባር ላይ የሚገጠም የብስክሌት መጫኛ ነው።

ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ለእግረኛና ለብስክሌት ማሰብ ከጀመረች ጥቂት ዓመታት ሆነዋል። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በእሑድ ቀን ዋና ዋና ጐዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለሕዝቡ ተከፈቱ። ደግሞም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 እስከ 2028 የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በሚሠራው የኮሪደር ልማት ከእግረኛው መንገድ ጋራ የብስክሌት መንገድ አብሮ ተዘርግቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ምስጋናችን እውነቱን ከመናገር አይከለክለንም። የተሠራው የብስክሌት መንገድ ገና በየቦታው የተቈራረጠ ነው፤ ከአንዱ ሠፈር ተነሥቶ ደኅና ከሄደ በኋላ ድንገት ያልቃል፤ ነጂውም ከዚያ ወዲያ ከጭነት መኪና ጋራ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ እንዲሄድ ይገደዳል።

በዚህም ላይ የከተማው አቀማመጥ አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፥ የእንጦጦ ራስ ግን 3,000 ሜትር ያልፋል። ጧት ቍልቍል ወርዶ ሥራው የሚገባ ሰው፥ ማታ በደከመበት ሰዓት ያንኑ ቍልቍለት ዳገት ሆኖ ያገኘዋል። የክረምቱም ዝናብ ሲመጣ ጧት በፀሓይ የወጣው ሰው ማታ በጎርፍ መካከል ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ ብስክሌት የመንዳት ፈቃድ ያለው ብዙ ሰው፥ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ አስፈርቶት ብስክሌቱን በቤቱ ግድግዳ አስደግፎ ይተዋል።

ለምሳሌ በየካ አባዶ ወይም በጀሞ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ የሚኖር፥ ሥራው ግን በከተማው መካከል የሆነ አንድ ደመወዝተኛ እናስብ። ይህ ሰው ከቤቱ እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ አንድ ታክሲ ይከፍላል፤ ከዚያም ለአውቶቡሱ ይከፍላል፤ ከአውቶቡሱም ወርዶ እስከ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ታክሲ ይከፍላል፥ ወይም ብዙ መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ማታም እንደዚሁ ነው። ለረዥሙ መንገድ የሚከፍለው ገንዘብ ጥቂት ሲሆን፥ የመንገዱ ራስና ጅራት ግን ኪሱን ያራቍቱታል። ብስክሌት ቢኖረው ሁለቱ የታክሲ ክፍያዎች በቀሩለት ነበር። ነገር ግን ብስክሌቱን ከአውቶቡሱ መቆሚያ ላይ ቢተወው ጠባቂ የለውም፤ ባይሰረቅበትም እንኳ ከአውቶቡሱ ሲወርድ በወዲያኛው ጫፍ ብስክሌት የለውም። ስለዚህ ነገሩ የሚፈታው ብስክሌቱ ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ሲጓዝ ነው።

ይህን ችግር ከእኛ በፊት አይተው መፍትሔ ያበጁለት ከተሞች አሉ። ከነዚህም አንዲቱ በሰሜን አሜሪካ በዋሺንግተን ግዛት የምትገኘው ሲያትል ናት። ሲያትል እንደ አዲስ አበባ በኰረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ዝናብም አያጣትም፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዋሺንግተን የሚባለው ረዥም ሐይቅ ከማዶዎቹ ከተሞች ይለያታል። ከሀገራችን ወጥተው በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ የምንጽፈው ነገር ለነሱ አዲስ አይደለም፤ በየቀኑ በዓይናቸው የሚያዩት ነው።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የሲያትል ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። በሐይቁ ላይ በ1963 ተሠርቶ የተከፈተው ተንሳፋፊ ድልድይ ለመኪና ብቻ ነበረ፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መተላለፊያ አልተተወለትም። ባለ ብስክሌቱ ከሐይቁ ዳር ደርሶ ማዶውን እያየ ይቆም ነበር። ከዚህ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት የሲያትል የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት፥ በአቅራቢያው ባለችው በዉድንቪል ከሚገኘው ስፖርትወርክስ ከሚባለው ፋብሪካ ጋራ ሆኖ፥ በአውቶቡስ ግንባር ላይ የሚታጠፍና የሚዘረጋ የብስክሌት መጫኛ አሠርቶ በአውቶቡሶቹ ላይ ገጠመ። ዕቃው ጥቅሙ ስለ ታየ ወደ ሌሎች የአሜሪካና የካናዳ ከተሞችም ተስፋፋ። በድልድዩ ፋንታ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በ1916 ሳይሆን በዘመናችን በ2016 ተከፈተ፤ የብስክሌቱም መንገድ ከዳር እስከ ዳር የተፈጸመው በ2017 መጨረሻ ነው። እንግዲህ ትልቁ የድልድይ ሥራ እስኪፈጸም ድረስ በነበረው ረዥም ዘመን፥ ባለ ብስክሌቱን ሐይቁን ያሻገረው በአውቶቡስ ግንባር ላይ ያለ ትንሽ ብረት ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለ። የብስክሌት መንገድ በአንድ ዓመት ተሠርቶ አያልቅም፤ ገንዘብ ይፈልጋል፥ ቦታ ይፈልጋል፥ ዘመንም ይፈልጋል። መንገዱ በተቋረጠበት ቦታ ግን አውቶቡሱ ድልድይ ሊሆን ይችላል። መጫኛው የብስክሌቱን መንገድ የሚያስቀር ሳይሆን፥ መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የተሠራው ቍራጭ ሁሉ ዋጋ እንዲኖረው የሚያደርግ ነው።

የዕቃው አሠራር ቀላል ነው። ከአውቶቡሱ ግንባር፥ ከፊተኛው መስተዋት በታች፥ ከብረት ቧንቧ የተሠራ አልጋ መሰል ነገር ይገጠማል። ብስክሌት በማይጫንበት ጊዜ ወደ ላይ ታጥፎ ከግንባሩ ጋራ ተጠግቶ ይቆማል፤ በሚጫንበት ጊዜ ወደ ታች ይዘረጋል። በላዩ የብስክሌቱ ሁለት ጐማዎች የሚገቡባቸው ቦዮች አሉት፤ እንደ መጠኑም ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌት ይይዛል። ለእያንዳንዱም ብስክሌት በውስጡ ሞላ ያለበት አንድ የብረት ክንድ ተሠርቶለታል፤ የፊተኛውን ጐማ ከላይ አቅፎ የሚይዘው ይህ ክንድ ነው። ለመጫን ገመድም መፍቻም አያስፈልግም።

የሀገራችን ሰው ዕቃን በአውቶቡስ ላይ መጫን አዲስ አይሆንበትም። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው አውቶቡስ በጣራው ላይ ሻንጣውን፥ ከረጢቱን፥ አልጋውን፥ አልፎ አልፎም በጉን ጭኖ ሲሄድ ኖሯል። ነገር ግን በጣራ ላይ ለመጫን ረዳቱ መሰላል ወጥቶ ማሰር አለበት፤ ለማውረድም እንደገና ይወጣል። ይህ በየጥቂቱ ለሚቆም የከተማ አውቶቡስ አይሆንም። የግንባሩ መጫኛ ብልሃቱ ሰው ሳይወጣና ሳያስር፥ ባለቤቱ ራሱ መሬት ላይ ቆሞ በቶሎ የሚጭንበትና የሚያወርድበት መሆኑ ነው። በሲያትልም ነጂው ከመቀመጫው አይነሣም፤ ብስክሌቱን የሚጭነው ባለቤቱ ነው፤ ስለ ብስክሌቱም የተለየ ክፍያ አይጠየቅም።

አጠቃቀሙን በዝርዝር መጻፋችን፥ ነገሩ ሲጀመር ሥርዓቱም አብሮ እንዲጀመር ብለን ነው። ባለ ብስክሌቱ አውቶቡሱ ሳይደርስ አስቀድሞ በብስክሌቱ ላይ የተንጠለጠለውን የውሃ መያዣ፥ ቦርሳና ማናቸውንም ሊወድቅ የሚችል ዕቃ ያወርዳል። አውቶቡሱ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ በቃል ወይም በእጅ ምልክት ነጂውን ያስታውቃል፤ ነጂው ሳያየው ወደ ግንባሩ አይገባም። የሚቀርበውም ሁልጊዜ በእግረኛው መንገድ በኩል ነው እንጂ መኪና በሚተላለፍበት ወገን አይደለም። በአንድ እጁ ብስክሌቱን ይዞ በሌላው እጁ እጀታውን ጨምቆ መጫኛውን ይዘረጋል። ከዚያም ብስክሌቱን አንሥቶ ጐማዎቹን በቦዩ ያስገባል። ሌላ ብስክሌት አስቀድሞ ተጭኖ እንደ ሆነ፥ መሪዎቹ እንዳይጠላለፉ የሁለተኛው ፊት ከመጀመሪያው በተቃራኒ ይዞራል። ክንዱንም ስቦ በፊተኛው ጐማ ላይ ያሳርፋል፤ ክንዱ በጐማው ላይ እንጂ በጭቃ መከላከያው ላይ እንዳያርፍ ያስተውላል። በመጨረሻም ብስክሌቱን ነቅነቅ አድርጎ መጽናቱን ፈትኖ ይሳፈራል።

ከተሳፈረ በኋላ ብስክሌቱ በሚታይበት በፊት በኩል ቢሆን ይሻለዋል። ከመውረዱ በፊት ብስክሌት የሚያወርድ መሆኑን ለነጂው ይነግራል፤ ይህን ሳይናገር ወርዶ በድንገት ወደ ግንባሩ ቢገባ በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል። ብስክሌቱን ካወረደ በኋላም በመጫኛው ላይ ሌላ ብስክሌት ከሌለ ወደ ላይ አጥፎ ይመልሰዋል፤ ወደ እግረኛው መንገድ ተመልሶም ነጂው እንዲሄድ ምልክት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ለመጻፍ ይረዝማል እንጂ፥ ለለመደው ሰው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሥራ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሐሰት ስላልሆኑም ልናልፋቸው አይገባም።

መጀመሪያው የመጋፋት ነገር ነው። በጧትና በማታ በመቆሚያዎቻችን ላይ ያለው ግፊያ የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ ለመሳፈር ሲሽቀዳደም በግንባሩ በኩል አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ብስክሌት ቢያነሣ አደጋ ሊመጣ ይችላል። እውነት ነው። ስለዚህ መጫኛው አስቀድሞ ሊገጠም የሚገባው ተሳፋሪው በተራ በሚሰለፍባቸው መስመሮች ላይ ነው። ሰልፍ በሌለበት ቦታ እንኳን ብስክሌት ሰውም በደኅና አይጫንም።

ሁለተኛው የአውቶቡሱ ርዝመት ነው። መጫኛው በተዘረጋ ጊዜ አውቶቡሱን ወደ ፊት ያስረዝመዋል፤ ነጂውም ይህን ካልለመደ በማዞሪያ ላይ ወይም ከፊቱ ከቆመው አውቶቡስ ኋላ ሲጠጋ ሊያጋጭ ይችላል። በቆመ አውቶቡስ ፊት አቋርጦ መሻገር ልማዱ የሆነ እግረኛም በዚህ ብረት ሊጐዳ ይችላል። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ብስክሌትን በግንባር መጫን ያልተለመደ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከተማ ማይሲቲ በሚባሉት አውቶቡሶች ቦታ ሲኖር ብስክሌት ወደ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን የእኛ አውቶቡስ በሥራ ሰዓት ሰው ቆሞ የሚሄድበት ስለ ሆነ፥ ብስክሌትን ወደ ውስጥ ማስገባት የሁለት ሰውን ቦታ መንጠቅ ይሆናል። ስለዚህ በግንባር መጫኑ ይሻላል እንላለን፤ ይህም ነጂዎቹ አስቀድመው ከተማሩ፥ ባዶው መጫኛም ሁልጊዜ ታጥፎ እንዲሄድ ጥብቅ ትእዛዝ ከተሰጠ ነው።

ሦስተኛው የቍጥሩ ማነስ ነው። «ብዙ ሰው በሚሳፈርበት አውቶቡስ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌት ቢጫን ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ይህ ዕቃ ሁሉን ሰው ያደርሳል አንልም። መጫኛው ከሞላ ባለ ብስክሌቱ የሚቀጥለውን አውቶቡስ መጠበቅ አለበት፤ ይህም ለሠራተኛ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ በትልልቆቹ የአውቶቡስ መነሻዎች ጠባቂ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ አብሮ መሠራት ይኖርበታል፤ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ብስክሌት የሚያስፈልገው ሰው በዚያ ይተወዋል፥ በሁለቱም ጫፍ የሚያስፈልገው ግን ይጭነዋል። ደግሞም ዳገቱ ለከበደበት፥ ዝናብ ለያዘው፥ ጐማው በመንገድ ለተነፈሰበት ሰው መጫኛው መጠጊያ ነው። ሰው የሚመለስበት መንገድ እንዳለው ሲያውቅ ለመውጣት ይደፍራል።

አራተኛው የክብደቱ ነገር ነው። ከነዚህ መጫኛዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለአንድ ብስክሌት 25 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችሉ ነው። ተራውን ብስክሌት ለመያዝ ይህ በቂ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት ግን አንዳንዶቹ ከዚህ ይከብዳሉ፤ ሞተር ብስክሌት ደግሞ ፈጽሞ አይጫንም። ይህ ከመጀመሪያው በግልጥ ተጽፎ በመጫኛው ላይ ካልተለጠፈ፥ በነጂውና በተሳፋሪው መካከል የየቀኑ ጠብ ይሆናል።

አሁን የሥራው ባለቤቶች ሊያደርጉት ይገባል የምንለውን እናቀርባለን። አዲስ አውቶቡስ በሚገዛበት ጊዜ መጫኛው የሚገጠምበት ቦታ በግዢው ውል ውስጥ ይጻፍ። ከፋብሪካው ተሰናድቶ የመጣው፥ በኋላ በብየዳ ከሚቀጠለው ይልቅ ይጸናል፤ የግንባር መብራቱንና የሰሌዳውንም ቍጥር እንዳይሸፍን ተደርጎ ይሠራል። መጫኛውን የሀገራችን ብረት ሠራተኞች ሊሠሩት ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥንካሬው በባለሙያ ሳይፈተን በመንገድ ላይ አይውጣ፤ ከግንባሩ የወደቀ ብስክሌት ለኋለኛው መኪና ሞት ነውና። በአውቶቡስ ግንባር ወጥቶ ስለሚታይ ጭነት በትራፊክ ደንብ ያለው ነገር ተመርምሮ፥ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ አስቀድሞ ፈቃዱ ይሰጥ፤ ነጂው በአንዱ መሥሪያ ቤት ታዝዞ በሌላው እንዳይቀጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በመላው ከተማ ሳይሆን በአንድ ወይም በሁለት መስመር ይጀመር። መስመሩም ረዥምና ዳገት የሚበዛበት፥ በአንደኛው ጫፉም የብስክሌት መንገድ የሚያገኘው ይሁን። በመነሻው ጣቢያ አንድ መጫኛ በመሬት ላይ ተተክሎ ሕዝቡ አውቶቡስ ሳያስጠብቅ ይለማመድበት፤ በአንድ ጧት አሥር ጊዜ የተለማመደ ሰው በመንገድ ላይ አያፍርም፥ ሌላውንም አያዘገይም። ነጂዎቹም በየቀኑ ስንት ብስክሌት እንደ ተጫነ ይመዝግቡ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ቍጥሩ ለሕዝብ ይገለጥ። ጥቅም ከሰጠ ይስፋፋ፤ ካልሰጠም ምክንያቱ ተመርምሮ ይታረም ወይም ይቅር። በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳይጠይቅለት የዛገ ዕቃ፥ ለገንዘብ ማባከኛ ብቻ ሳይሆን የሕዝብን እምነት ማጥፊያም ነው።

ሌላው ልናነሣው የምንወደው የአስተሳሰብ ነገር ነው። ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ወይም መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ዕቃ ነው የሚል አስተያየት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈች ጊዜ፥ ከሯጮችዋ ጋራ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችዋንም ልካ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት የየቀኑ መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ነገሩ ከባሕላችን ውጭ የሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። ሹማምንት ከፊት ሆነው ቢያሳዩ፥ መምህራንና ካህናትም በሚሰሙአቸው ሰዎች ዘንድ ተራ ማክበርን፥ ለደካማው ማዘንን፥ የጋራ ንብረትንም መጠበቅን ቢያስተምሩ፥ ከብረቱ ይልቅ የሚጸና መሠረት ይሆናል። ነጂውን ሳያስታውቅ በግንባሩ የሚገባ፥ የሌላውን ብስክሌት አውርዶ የራሱን የሚጭን፥ መጫኛውን ዘርግቶ ትቶት የሚሄድ ሰው በበዛበት ቦታ መልካሙ ዕቃ ሁሉ ክፉ ይሆናልና።

ከተማችንን ለ80 ዓመት ያህል ያገለገለው አንበሳ አውቶቡስ፥ ከእርሱም በኋላ የመጡት እነ ሸገር፥ በየቀኑ የሚሸከሙት ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በዚህ ሸክም ላይ ሌላ ሸክም ለመጨመር አልተነሣንም። አሳባችን አውቶቡሱ ሊደርስበት ወደማይችለው ጠባብ መንደር ብስክሌቱ እንዲደርስለት፥ ብስክሌቱም ሊወጣው የማይችለውን ዳገት አውቶቡሱ እንዲያወጣለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የሀገራችን ሰው፤ በየራሳቸው የተሠሩት መንገድ፥ አውቶቡስና ብስክሌትም ቢተባበሩ የሕዝቡን ድካም ያቀልላሉ።

የምንለምነው ነገር ትልቅ ሕንጻ ወይም አዲስ የባቡር ሐዲድ አይደለም፤ ሁለት ጐማ የሚያርፍበት የብረት ቦይ፥ አንድ ክንድ፥ የሠለጠነ ነጂ፥ ሥርዓት ያለው ሰልፍ ነው። ሥልጣኑ ያላቸው ሰዎች ይህን አሳብ በጽሞና መርምረው ለሙከራ የሚሆነውን አንድ መስመር ቢወስኑ፥ ጧት በብስክሌቱ ወርዶ ማታ ዳገቱን በማሰብ የሚጨነቀው ሠራተኛ በቶሎ የሚያየው ጥቅም ይሆናል። ይህም እንዲፈጸም ተስፋ አድርገን እናሳስባለን።